ለውጡ ሌሊት ነው የሚመጣው

በዚያ ዓመት ብርዱ ለንደን ገብቶ አልወጣም። ከፈረንጅ ገና በኋላ የጣለው በረዶ ሳይቀልጥ ሌላ ተደረበበት። ቆሻሻ አንሺዎች አድማ መቱ፤ ጥቁሩ ላስቲክ በየመንገዱ ዳር እንደ ጭድ ክምር ተቆለለ፤ አይጥ በቀን መሄድ ጀመረ። በሰሜን በኩል ባለ ከተማ መቃብር ቆፋሪዎች አድማ መትተው ሬሳ ሳይቀበር ሰነበተ ተባለ። የሆስፒታል ጠራጊዎችና ወጥ ሠሪዎች ተከተሉ። ባቡር አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ካገር ቤት የሚመጣው ወሬ ያው የሞት ወሬ ነበር፤ እሱም በሰው አፍ እንጂ በፖስታ አይመጣም። አበሾቹ ሲገናኙ፣ እዚያ ያለውን ሰው ሰው ይገድለዋል፣ እዚህ ያለነውን ብርድ ይጨርሰናል ተባብለው ይለያዩ ነበር።

ፋንታዬ በዚያ ብርድ መካከል ትቃጠል ነበር። የምትኖረው ኬኒንግተን፣ አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ከባሏ ከዳኛቸው ጋር ባንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያና ሳንቲም ካልጎረሰ የማይነድ የጋዝ ምድጃ አላት። ዳኛቸው ካፖርቱን ደርቦ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲጠቀለል እሷ ተነሥታ መስኮቱን ትከፍታለች። እሳቱ ከደረቷ ይነሣል፤ ወደ አንገቷ፣ ወደ ፊቷ ይወጣል፤ ልቧ ተባሮ እንዳመለጠ ሰው ይመታል፤ ከዚያ ላብ ያጠምቃታል፤ ከላቡ በኋላ ብርድ ያንቀጠቅጣታል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። እንቅልፍ ከተለያት ወራት አልፈዋል። አንዳንዴ ሲወስዳትም ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም ነበር።

ያን ቀን ጧት ስትነቃ ትራሱ ላይ ደም አየች። መጀመሪያ ደሙ የራሷ መሰላት። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ ተመልሶ መጣ ብላ ደንግጣ አንሶላውን ገለጠች። ደረቅ ነው። ቀና ስትል ዳኛቸው በካናቴራ መታጠቢያው አጠገብ ቆሞ ግንባሩን በፎጣ ይዟል። ከቅንድቡ በላይ ተተርትሯል፤ ደሙ በጉንጩ ወርዶ ደረቱ ላይ ደርቋል። ከአልጋው ራስጌ የነበረው የናስ ሰዓት መስተዋቱ ረግፎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። እጇን አየችው። መዳፏ የሰዓቱ እግር ባረፈበት በኩል ቀልቷል።

ዳኛቸው በመስተዋቱ ውስጥ አያት።

"ሰዓቱ ቆሟል" አለ። ሌላ አልጨመረም።

የመጀመሪያው አልነበረም። አንድ ጊዜ ትከሻውን ነክሳው ማስለቀቅ አቅቶት ነበር። ሌላ ጊዜ ጉሮሮውን አንቃ ይዛ፣ ባልቴቲቱ ከታች ሆና በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን ስትደበድብ ነው የነቃችው። ዳኛቸው ባተርሲ በሚገኝ ጋራዥ አውቶቡስ ያጥባል፤ እዚያ ለሚጠይቁት የቁም ሣጥን በር መታኝ ይላቸዋል። እሱ በዘመኑ የሚመታ ሰው ነበር። አገር ቤት ሳሉ በቀበቶ ሲገርፋት ጎረቤቱ ይሰማል፤ ሰምቶም ቤቱን የሚያቀና ወንድ ይለው ነበር። አሁን ሲተኛ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ክንዱን ባይኑ ላይ ጋርዶ ነው።

ጫማውን እያሰረ፣ እንዲያው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሁሉ፣ አንድ ቀን ትገድይኛለሽ አላት። ይህንኑ እሷም አስባዋለች። ሳላውቅ ብገድለውስ? ሳላውቅ የሚለው ነበር የሚያንገበግባት። እሱ ተነሥቶ ካፖርቱን ቆለፈና በሩ ላይ ቆመ።

"ብድርሽን በየሌሊቱ ትመልሻለሽ" አለ። "መቼ ነው የሚያልቀው?"

ያን ቃል ከሁለቱ አንዳቸውም ካገር ከወጡ ወዲህ አንሥተውት አያውቁም። መልስ ሳይጠብቅ ወረደ። ፋንታዬ አንሶላውን ገፍፋ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈችው።

የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት የወሰደቻት የእህቷ ልጅ ኂሩት ናት። ኂሩት ንጉሡ ሳይወርዱ ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች ልጅ ስትሆን፣ እንግሊዝኛው ከአማርኛዋ ቀድሞ ይመጣላታል። ቀጠሮውን ያስያዘችውም እሷ ነች፤ ፋንታዬ ራሷ በምትጠርገው ሆስፒታል፣ የአድማው ቆሻሻ ገና ከኮሪደሩ ባልተነሣበት ሰሞን። ፋንታዬ ያን ወለል በጉልበቷ ተንበርክካ ስትፈትገው ኖራለች፤ በጫማዋ ቆማ ወንበር ላይ ስትቀመጥበት ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ሐኪሟ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። የደም ግፊቷን ለካች፣ ጡቷን ዳሰሰች፣ ሆዷን ጫነች፣ ከዚያ ተቀምጣ መጠየቅ ጀመረች።

እንግሊዝ የሴት ደም መቆሙን በስሙ አይጠራውም። ለውጡ ይለዋል። ኂሩት ቃሉን እንዳለ አንሥታ አክስቷ ፊት አስቀመጠችው።

"እቴቴ፣ ለውጡ ገብቶብዎት እንደሆነ ይጠይቃሉ።"

በዚያ ዘመን ላበሻ ለውጡ አንድ ነው። ንጉሡን አውርዶ ወታደሩን ያወጣው፣ ቀበሌውን፣ ጠመንጃውን፣ በየመንገዱ ዳር የተጣለውን ልጅ ያመጣው ነው ለውጡ። ፋንታዬ በሩን አየች። ዝግ ነው። ይህች ሴት ይህን ለምን ትጠይቃለች? ማን ነገራት? ኤምባሲው እዚህ ድረስ ጆሮ አለው ሲባል ሰምታለች።

"ገብቶብኛል" አለች ቀስ ብላ። "ማን ያልገባበት አለ።"

"መቼ ነው የጀመረዎት?"

"እኛ ቤት የገባው በስልሳ ዘጠኝ ነው።"

ኂሩት ሁለት ዓመት ብላ ተረጎመች። ሐኪሟ ጻፈች።

"ቀን ነው ሌሊት የሚመጣብዎት?"

"ሌሊት ነው የሚመጣው። ቀንማ ስብሰባ ነው።"

ኂሩት ስብሰባውን ዘለለችው። "ሲመጣ ልብዎ ይመታል ወይ? ያልብዎታል ወይ ነው የሚሉት።"

"በሩ በሰደፍ ሲደበደብ የማያልበው ማን ነው?"

ልቧ ይመታል፣ ያልባታል አለች ኂሩት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ጠበቀችው ነው። ከሄደላት በኋላስ ምን ይሰማታል? እንዴት ታድራለች?

"ከሄደ በኋላማ" አለች ፋንታዬ፣ "ልጄን ይዞት ነው የሄደው። ምን አድራለሁ?"

ያኔ ኂሩት ገባት። ሲገባት ደግሞ ሳቅ አመለጣት፤ የደስታ ሳቅ ሳይሆን ሰው ሲወድቅ አይተው እንደሚስቁት ያለ። ፋንታዬ ሳቁን ሰማች። እሳቱ ከደረቷ ተነሣ። እንዴት ከወንበሯ እንደ ተነሣች አላወቀችም፤ ስታውቅ የልጅቱን የአንገት ልብስ በጡጫዋ ጨምድዳ ከግድግዳው ጋር አጣብቃታለች፣ የመርፌው ትሪ ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ ልጅቱ ፊቷ ጠቁሯል።

"ማረጥ ነው" አለች ኂሩት በተያዘ ጉሮሮዋ። "እቴቴ፣ ስለ ማረጥ ነው የሚጠይቁት።"

ፋንታዬ ለቀቀቻት። ሐኪሟ አልጮኸችም፤ ትሪውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወንበሩን ለፋንታዬ አስጠጋችላት። ፋንታዬ ተቀመጠችና ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ታዲያ ማረጥ አትይም?" አለች።

ሐኪሟ አንድ ባንድ ነገረቻት፤ ኂሩትም አንገቷን እያሸች ተረጎመች። ሰውነትሽ ያመርተው የነበረው፣ ሆርሞን የሚሉት ቅመም አልቋል፤ እኛ በእንክብል ልንሰጥሽ እንችላለን። ሙቀቱን ያጠፋዋል፣ ላቡን ያደርቀዋል፣ እንቅልፍ ይመጣል፤ አጥንትም እንዳይሳሳ ይረዳል። ጉዳትም አለው። ይህን ቅመም ብቻውን ሲወስዱ ከኖሩት ሴቶች ማሕፀናቸው ላይ ነቀርሳ የወጣባቸው አሉ። ስለዚህ ከወሩ ጥቂቱን ቀን ሌላ እንክብል ይጨመርበታል፤ ያ ማሕፀኑን ያጥበዋል፤ ሲታጠብ ደም ይመጣል፣ እንደ ድሮው በየወሩ። ልጅ የሚያመጣ ደም አይደለም። እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ግፊትሽን እየመጣሽ ቼክ ታስደርጊያለሽ፤ ያለጊዜው ደም ካየሽ የዚያኑ ቀን መምጣት ነው። ስለ ጡት ነቀርሳ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ገና አላወቅነውም። ካልፈለግሽ አለመውሰድም ይቻላል፤ ሙቀቱ በጊዜው ይሄዳል፤ መቼ እንደሆነ ግን ልነግርሽ አልችልም።

ፋንታዬ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀች። መጀመሪያ፣ እጄን ያስርልኛል ወይ አለች። ሐኪሟ ትርጉሙን ሁለቴ አስደገመች። ከገባት በኋላ፣ ስትተኚ እጅሽም ሊተኛ ይችላል፣ አልምልልሽም፤ ሐዘኑን ግን አያክመውም አለች። ያ ሌላ ሐኪም ያሻዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ኂሩትን አሳፈራት። ሁዳዴ ገብቶ ነበር።

"እንክብሉ የጾም ነው የፍስክ?"

ሐኪሟ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና እውነቱን ተናገረች። ቅመሙ የሚወጣው ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ነው። ባዝሮቹን ካረገዙ በኋላ በረት ውስጥ አሥረው፣ ሽንታቸውን ያጠራቅማሉ። ኂሩት መድኃኒት ነው ብለው ይዋጡት፣ አያስቡት ብላ ጣልቃ ገባች። ፋንታዬ ግን ስለ ሽንቱ አልነበረም የምታስበው።

"ውርንጭላውስ?" አለች። "ከተወለደ በኋላ የት ይደርሳል?"

ሐኪሟ አላውቅም አለች።

ፋንታዬ በአውቶቡሱ ላይኛ ፎቅ፣ ሁለቱን የመድኃኒት ሣጥኖች ጉልበቷ ላይ ይዛ ኬኒንግተን ድረስ ተጓዘች። ኂሩት አንገቷ ላይ የወጣውን ሰምበር በልብሷ ሸፍና በመስኮት ታያለች። ለልጅቱ ነቀርሳው ነው የሚያስፈራው። ለፋንታዬ ነቀርሳው ሩቅ ነው፤ ደሙ ነው ቅርብ። ደሟ ከቆመ ወዲህ እሑድ እሑድ ቀን ሳትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ቅዳሴው የሚቀደሰው ከእንግሊዞች በተለመነ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሷም ከዓምዱ ሥር ቆማ የልጇን ስም በልቧ ትጠራለች። ብዙነህ መቃብር የለውም። ሬሳው አልተሰጣቸውም። መቃብሩ ያ ዓምድ ነው። ደሙ ከተመለሰ በየወሩ ከደጅ መቆም ሊመጣ ነው፤ ያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅጥር የለው፣ ደጀ ሰላም የለው። በሩ የሚከፈተው ቀጥታ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው። ነጠላ ለብሶ በበረዶ ከተሳፋሪ ጋር መሰለፍ ነው። ደሙን ካልፈለገች ደግሞ ሙቀቱ አለ። ሙቀቱ ካለ እጇ አለ። ያን ጧት የናሱ ሰዓት አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቢሆን ዓይኑ ነበር።

ብድር ያለውን ቃል ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን መጣ። ብዙነህ አንድ ልጃቸው ነበር፤ ስሙን ብዙነህ ያሉት ሌላ እንዲከተል ብለው ነው፣ አልተከተለም። ቀበሌዎቹ ሌሊት መጥተው ቤቱን ገለበጡ፤ ልጁ ጣራ ላይ ተደብቆ አጡት። አባት ራሱ ካመጣው መክረን እንመልሰዋለን አሉ። ዳኛቸው አመነ። ነግቶ ልጁን በእጁ ይዞ ወጣ። ፋንታዬ በሩ ላይ የልጁን ኮት ጨብጣ አልለቅም አለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ዳኛቸው በጥፊ መታት። ጥርሷ ተሰበረ፤ እጇም ለቀቀ። በቀበቶ የገረፋትን ሁሉ ረስታለች፤ እጇ የለቀቀበትን ግን አልረሳችም። ጥርሷን ከነደሙ ተፍታ፣ ይህችን ብድር ሳልመልስ አልሞትም አለችው። ከዚያ ወዲህ ይኸው አንድ አልጋ ላይ ነው የሚያድሩት።

ኂሩትን ከማቆሚያው መለሰቻት። ፋንታዬ ደረጃውን ወጥታ በሩን ስትከፍት ዳኛቸው ቤት ነው። ደሙ አልቆም ብሎ ከሥራ መልሰውት፣ ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። የቆመውን ሰዓት ፈትቶ ጥርሶቹን በጋዜጣ ላይ ደርድሯል። ምን አሉሽ አለ ሳያያት። ሣጥኖቹን ፊቱ አስቀመጠችና እንደ ሰማችው በተራ ነገረችው፤ ሙቀቱን፣ አጥንቱን፣ የማሕፀኑን ነቀርሳ፣ ሁለተኛውን እንክብል። ደሙ ላይ ስትደርስ ቀና አለ።

"ደምሽ ይመለሳል?"

"በየወሩ ጥቂት ቀን።"

መዳፉን ሣጥኑ ላይ ጫነ። ሐኪሟ እኮ፣ ብላ ልትነግረው ጀመረች፤ አልሰማትም። ግድግዳውን እያየ ያወራ ጀመር። ደም ካለ ልጅ አለ አለ። ሣራ በዘጠና ዓመቷ ወልዳለች። እኛ ሰፈር ከፍርድ ቤቱ ጀርባ የነበሩት ሴትዮ ልጃቸውን ድረው እሳቸውም ወልደዋል። የእንግሊዝ መድኃኒት እንደኛ አይደለም። እሱ ትርፍ ሰዓት ይሠራል፤ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ይፈልጋሉ። ድምፁ እየለሰለሰ ሄደ። እንዲህ ያለ ድምፅ ካወጣ ስንት ዘመኑ ነው።

"ወንድ ከሆነ" አለ፣ "ምትኩ እንለዋለን።"

ፋንታዬ እሳቱን ጠበቀችው። አልመጣም። ደረቷን አዳመጠች፤ ልቧ በልኩ ይሄዳል። መዳፏ ደረቅ ነው። ከታች በመንገዱ ላይ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ይጯጯሃሉ፤ የጾሙ ሰዓት አልፏል። ሣጥኖቹን ከእጁ ሥር ስባ ወደ ዳር አደረገቻቸው፣ እንዳይወድቁ። ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ አልጋው ላይ አኖረች። ከዚያ በተከፈተ መዳፏ፣ ካቅሟ በላይ በሆነ ኃይል ጉንጩን መታችው።

ከነወንበሩ ወደቀ። የሰዓቱ ጥርሶች ተበተኑ። ስፌቱ ተፈትቶ ደሙ በዓይኑ ላይ ወረደ፤ ከአፉም ደም መጣ። ባልቴቲቱ ከታች በመጥረጊያው እንጨት ጣራዋን መደብደብ ጀመረች። ዳኛቸው አልተነሣም፣ ክንዱንም ለመከላከል አላነሣም።

"ይህች የሙቀቱ አይደለችም፣ ዳኛቸው" አለችው። "ነቅቼ ነው የመታሁህ።"

ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ነበር የምትለው። ስሙን ፊት ለፊት ጠርታው አታውቅም።

"በእንቅልፌ የመታሁህን አትቁጠረው" አለች። "እኔ አልነበርኩም። ብድሬ ኮቱን ያስለቀቅኸኝ ጥፊ ነበረች። አሁን መለስኳት። ለልጄ ምትክ የለውም።"

የባልቴቲቱ እንጨት ቆመ። ዳኛቸው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ምላሱን ድዱ ላይ አዟዙሮ አንድ ነገር መዳፉ ላይ ተፋ፤ አየው፤ ጨበጠው።

"ስጠብቃት ነበር" አለ። "በየሌሊቱ ስትመቺኝ፣ መጣች እላለሁ። መብራቱን ሳበራው ዓይንሽ ተከድኖ አገኘዋለሁ።"

ፋንታዬ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። መዳፏ ያቃጥላታል፤ ግን የመዳፍ ማቃጠል ነበር፣ ከዚያ አላለፈም። ሣጥኑን ከፈተችና አንዲት እንክብል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ያችን ባዝራ አሰበች። ነቀርሳውን አሰበች፤ አውቶቡስ ማቆሚያውንም፤ በረዶው ላይ ቆማ የልጇን ስም ከደጅ ስትጠራ ለራሷ ታያት። ከደጅም ይሰማል አለች በልቧ። ከዛሬ ወዲያ በሌሊት የምትመታው ሰው የለም፤ እጇን ለራሷ ትፈልገዋለች።

"ውሃ አምጣልኝ" አለችው።

ዳኛቸው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። የጨበጠውን ጥርስ ኪሱ ከተተ። መታጠቢያው ጋ ሄዶ እጁን ከደሙ አነጻ፣ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አለቀለቀ፣ ሞላው። መጥቶ ፊቷ ቆመና፣ ለእናቱ ውሃ እንደሚያቀርብ ልጅ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሰጣት።